ገፈርሳን መዞር

በአገራችን መንገደኛን «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከሰላምታ ይቆጠራል። ጠያቂው መልሱን አጥብቆ አይሻውም፤ ተጠያቂውም «እዚህች ድረስ ነው» ብሎ ያልፋል። «እዚህች ድረስ» ሁሉን ይሸፍናል፤ ለቅሶ ቤቱንም፣ ገበያውንም፣ ፍርድ ቤቱንም። የማይሸፍነው አንድ ነገር ቢኖር የትም የማይደርሰውን ጉዞ ነው። ከቤቱ ወጥቶ፣ አንድ ውሃ ዞሮ፣ ሳይሸጥ ሳይገዛ፣ የታመመ ሳይጠይቅ፣ ተመልሶ እዚያው ደጃፉ ላይ የሚወርድ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? ቋንቋችን ለእንዲህ ያለው ሰው ያዘጋጀለት ስም «ሥራ ፈት» የሚል ነው። የራሩለት እንደሆነ ደግሞ «ሽርሽር ወጥቶ ነው» ይሉታል።

ገፈርሳን በብስክሌት ከሚዞሩት ሥራ ፈቶች አንዱ እኔ ነኝ።

ኮልፌ ላደገ ሰው ብስክሌት በመጀመሪያ የኪራይ ዕቃ ነው። በሰፈሩ ሜዳ ጫፍ ሦስት አራት ያረጁ ብስክሌቶች ደርድሮ የሚያከራይ ጎረምሳ አይጠፋም ነበር፤ ሒሳቡም በዙር ነው። ከአከራዩ ተነሥቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ተመልሶ እስከ አከራዩ፤ ይህ አንድ ዙር ይባላል። ሳንቲሙን የከፈለ ልጅ ዙሩ ቶሎ እንዳያልቅበት ይሳሳል፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስም ሰፋ አድርጎ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ማንኛችንም «ወዴት ነው?» ተብለን ተጠይቀን አናውቅም። የምንሄድበት እንደሌለ ጠያቂው ሁሉ ያውቅ ነበርና። ሰው ሲጎለምስ ግን ይህ መብት ይወሰድበታል። በብስክሌት ላይ የታየ ጎልማሳ ወይ መልእክተኛ፣ ወይ ስፖርተኛ፣ ወይ መኪና መግዣ ያጣ ሰው ተደርጎ ይታያል። አራተኛ ምክንያት አለኝ ቢል የሚያምነው የለም።

ብስክሌት ወደ አገራችን የገባው የራሱን ቃላት ይዞ ነው። ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ፔዳሉ፣ የፈነዳውን የሚለጥፈው ጎሚስታም እንዲሁ። አስፋልት ያልለበሰውን መንገድ «ፒስታ» ማለታችንም ከዚያው ቋንቋ የወረስነው ነው። ቃሉ ይውጣ እንጂ ግልቢያው የእኛም ከሆነ ቆይቷል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደምቦባ ከእነርሱ አንዱ ነው። ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የትግራዩ ልጅ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ክብር ለእነርሱ ይሁንና፣ እነርሱም ቢሆኑ የሚደርሱበት ነበራቸው። ለተወዳዳሪ የመጨረሻ መስመር ይሰመርለታል። የባሕር ዳርና የሐዋሳ ብስክሌተኛም ሥራው ወይም ትምህርት ቤቱ ይጠብቀዋል። መስመር የሌለው፣ የሚጠብቀውም የሌለው፣ ለዙሩ ሲል ብቻ የሚዞረው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ከኮልፌ ወደ ገፈርሳ የሚያደርሰው የአምቦ መንገድ ነው። ከአጠና ተራ ተነሥቶ በ18 ማዞሪያና በዊንጌት አድርጎ አስኮን፣ ሳንሱሲን፣ ቡራዩን ያልፋል። ቡራዩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ ዓይን ግን ኮልፌ የት አልቆ ቡራዩ የት እንደጀመረ አይለይም፤ ሱቅ ከሱቅ፣ አጥር ከአጥር ተያይዟል። መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል። ገፈርሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ይላልና፣ ከከተማው ግርጌ የተነሣ ሰው ሳንባው ከፍታውን ከእግሩ ቀድሞ ያውቀዋል። እስከዚህ ድረስ ያለው አስፋልት ነው፤ በአስፋልት ላይ ደግሞ ብስክሌተኛ እንግዳ ነው። አሸዋና ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ከኋላ ሲመጣ ጥሩንባውን ይነፋል፤ እንግዳውም ወደ ጠርዙ ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚታገሠው ከአስፋልቱ ወዲያ ላለው ነገር ሲል ነው።

ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሰው መንገዱ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ይለዋወጥበታል። መጀመሪያ ኮብልስቶን ነው፤ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከዚያ ቀይ አፈር የተደፋበት ፒስታ ይመጣል፤ ከፒስታው ቀጥሎ ድንጋዩ ያገጠጠ ኮረኮንች፤ ከኮረኮንቹም ቀጥሎ የከብት ኮቴ የቀደደው ቀጭን የእግር መንገድ። መጨረሻው በባሕር ዛፍ ሥር፣ ደረቅ ቅጠል የተነጠፈበት፣ ጎማ ሲያልፍበት እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ለስላሳ መሬት ነው። እነዚህን ሁሉ መዳፍ ከዓይን ቀድሞ ያነባቸዋል። በኮብልስቶን ላይ መሪውን ጨብጦ መያዝ ድካም ነው፤ ላላ ማድረግ ይሻላል። በአሸዋማው ላይ ፍሬን በድንገት የያዘ ይወድቃል። በቅጠሉ ላይ ደግሞ ከሥሩ የተጋደመው ሥር አይታይምና ቀስ ማለት ነው። ክረምት ሲገባ የዝቅታው ጥቁር አፈር ሌላ ሕግ ያወጣል። ጭቃው በጎማውና በሹካው መካከል ይጠቀጠቅና መሽከርከሪያውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ያን ጊዜ ጋላቢው ተጋላቢ ይሆናል፤ ብስክሌቱን በትከሻው አዝሎ ደረቅ መሬት ይፈልጋል። እረኞቹ ይህን ሲያዩ የሚስቁት ሳቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል።

ገፈርሳ የመጠጥ ውሃ ነውና ግድቡና ዳርቻው ይጠበቃል። ስለዚህ «መዞር» ስል ውሃውን እየዳሰስኩ ማለቴ አይደለም። በውጭ በውጭ፣ በየመንደሩ ጓሮና በየዛፉ ሥር፣ ውሃው አንዴ እየታየ አንዴ እየተሰወረ ነው የሚዞረው። ምናልባትም ውበቱ በዚህ ነው። ባሕር ዛፎቹ መካከል ብልጭ ይላል፤ ኮረብታ ይጋርደዋል፤ ረሳሁት ሲሉ ደግሞ ሜዳው ጫፍ ላይ ሰማይ ተኝቶ ይገኛል። ከበስተጀርባው ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል። በረግረጉ ዳር ክንፏ ሰማያዊ የሆነች ግራጫማ ዝይ ሣር ስትግጥ ትታያለች። ይህች ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም በየትም በተፈጥሮዋ አትገኝም። እርሷን ለማየት ከሩቅ አገር መነጽር አንግተው የሚመጡ አሉ፤ ለእረኛው ልጅ ግን ከከብቶቹ ጋር ሣር የምትሻማ ወፍ ናት።

ስለ ዛፉም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ባሕር ዛፍ ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ በዙሪያዋ የነበረውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨርሳ ልትራቆት ደርሳ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በዚሁ በምዕራቡ መንገድ፣ አዲስ ዓለም ላይ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ዋና ከተማውን ከመነሣት ያዳነው ቶሎ የሚያድገው ይህ እንግዳ ዛፍ ነው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባ ዛሬ ካለችበት የቆመችው በእንጨት ጉዳይ መሆኑን ስናስብ፣ በገፈርሳ ዙሪያ እንጨት ተሸክሞ የሚመጣውን ሰው መንገድ ለቆ ማሳለፍ የጨዋነት ብቻ ጉዳይ አይመስለኝም።

ጠባቧ የእግር መንገድ ላይ እንዲህ መንገድ ለቅቄላቸው ከቆምኩ እናቶች አንዷን አልረሳቸውም። ቅጠሉና ጭራሮው ከራሳቸው በላይ አልፎ፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር። ጎማውን ሲያዩ ቀና አሉ። ሸክማቸውን ከዳገቱ ጠርዝ አስደግፈው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ ኦሮምኛ ባጣፈጠው አማርኛ፣

«ወዴት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ልዞር ነው እማማ» አልኳቸው።

«ምን ጠፍቶህ?»

ሳቄ መጣ። ለእርሳቸው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በእርሳቸው አገር በሜዳው ላይ የሚዞር ሰው ላሙ የጠፋችበት ነው፤ ወይም ልጁ። ምንም እንዳልጠፋኝ፣ ውሃውን አይቼ ልመለስ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ዘወር ብለው በዛፎቹ መካከል ወደሚያብለጨልጨው ውሃ ተመለከቱ፤ ብዙ ጊዜ ያላዩት ይመስል ጥቂት ቆዩ።

«ውሃውማ ወደ እናንተ አይደለም የሚሄደው? እዚያው አታዩትም?» አሉ።

በአነጋገራቸው ወቀሳ አልነበረበትም። እንዲሁ የገረማቸውን ነው የጠየቁት። ሸክሙን ከፍ አድርጌ ጀርባቸው ላይ አስተካከልኩላቸው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ቅጠሉ የሚሄደው ወደ ከተማው ነው፤ እንጀራ ይጋገርበታል። ውሃውም የሚሄደው ወደ ከተማው ነው። ከተማው ወደ እርሳቸው የላከው በዚያ ጠዋት አንድ ብስክሌተኛ ብቻ ነበር።

ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ይከተለኛል። እውነት እዚያው እናየዋለን?

ገፈርሳ ከከተማችን የመጠጥ ውሃ ግድቦች አንጋፋው ነው። የተሠራው በ1930ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ከእርሱ በብዙ የሚሰፋው ለገዳዲ በ1960ዎቹ ተከተለው፤ ከዚያም ድሬ። ከገፈርሳ ማጣሪያ የሚወጣው ውሃ በምዕራብ በኩል ላለው የከተማው ክፍል ይደርሳል። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚታወቀው በድምፁ ነው። በፈረቃ ይመጣል፤ ሌሊት ቧንቧው ሲያንቋርር አንዱ ይሰማና «ውሃ መጣ!» ይላል፤ ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱ ሳይቀር ይሰለፋል። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ውሃ ከቧንቧ ይመጣል፤ አለቀ።

ገፈርሳ ግን የተገደበው በወንዝ ላይ ነው። ወንዙም ትንሹ አቃቂ ይባላል። ግድቡን አልፎ የሚወርደው ይኸው ወንዝ ከየኮረብታው የሚወርዱትን ጅረቶች እየሰበሰበ ምዕራባዊውን የከተማችንን ክፍል ያቋርጣል። እኛ ኮልፌዎች እናውቀዋለን። በድልድዩ ላይ ስናልፍ አፍንጫችንን የምንይዝለት ወንዝ እርሱ ነው። ቆሻሻ እንጥልበታለን፤ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይለቀቅበታል፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀልበታል፤ ቀለሙም በየዕለቱ ይለያያል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣዋል፤ ጎመኑን መልሰን እኛ እንበላዋለን። ከከተማው በታች ከትልቁ አቃቂ ጋር የሚገናኘው አባ ሳሙኤል ላይ ነው። አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተተከለበት ግድብ ሲሆን፣ ከተማው ያወረደለትን ሁሉ ሲቀበል ኖሮ እምቦጭ የወረሰው ሐይቅ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ወንዝ በሁለት ግድቦች መካከል ተዘርግቶ አስብልኝ። በራስጌው ገፈርሳ ነው፤ ዝይ የሚግጥበት፣ ዘብ የቆመለት፣ ሰማይ የሚታይበት። በግርጌው አባ ሳሙኤል ነው። በመካከሉ እኛ ነን። በራስጌው «ውሃ» እንለዋለን፤ ሰፈራችን ሲደርስ ስሙ ተለውጦ «ቦይ» ይሆናል። ስም ስንለውጥለት ወንዙ አንድ መሆኑን እንረሳለን፤ አንዱን ለመጠጣት ሌላውን ለመጣል ሁለት ወንዝ የተሰጠን ይመስለናል።

ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ ይቻላል፤ ካርታም አለ። እኔ ግን በወገቤ ነው የተማርኩት። ወደ ገፈርሳ ስወጣ በድልድዩ ላይ አልፋለሁ፤ ስመለስም እንዲሁ። ወንዙ በመኪና ለሚሄድ ሰው አይታይም፤ መስኮቱን ይዘጋል። ሸክም ያለበትም ዓይኑ ከእግሩ አይነሣም፤ ያቺ እናት ውሃውን ለማየት በመጀመሪያ ሸክማቸውን ማስደገፍ ነበረባቸው። በብስክሌት የሚዞር ሰው ግን ከእግረኛ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል፤ ከመኪናም ይልቅ ያሸታል። ዳገቱን በጉልበቱ፣ ቁልቁለቱን በነፋሱ ለይቶ ያውቃል፤ ውሃም የሚሄደው በዳገትና በቁልቁለት ሕግ ነው። ከገፈርሳ ወደ ኮልፌ ፔዳል ብዙ ሳይመታ የሚመለስ ሰው፣ ውሃው ለምን ወደ እኛ እንደሚመጣ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ስለዚህ ሥራ ፈት መባሉን እቀበለዋለሁ። ባለጉዳይ ሁሉ ወደ ጉዳዩ ሲጣደፍ፣ ዙሪያውን የሚያይ አንድ ሰው አገር ያስፈልጋታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ ሲደረጉ ሕፃናት በአስፋልቱ መሀል እንዳሻቸው ሲጋልቡ አይተናል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በከተማው አንዳንድ ጎዳናዎች የብስክሌት መስመር አስምሯል። መልካም ነው። የተሰመረው መስመር ሰውን ወደ ሥራውና ወደ ገበያው ያደርሰዋል። በገፈርሳ ዙሪያ ያለው፣ ማንም ያላሰመረው መንገድ ደግሞ ሰውን ወደ ውሃው ምንጭ ያደርሰዋል።

ይህ ሁለተኛው መንገድ ግን በየዓመቱ ይጠብባል። ዐምና በቅጠል ላይ ያለፍኩበት ዘንድሮ በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘዋለሁ። ዞሬ በሌላ አልፋለሁ፤ ሌላውም በተራው ይታጠራል። ቤት የሚሠራው ሰው መጠለያ ፈልጎ ነውና ልፈርድበት አልችልም። ነገር ግን ዛፍና ሣር ተነሥቶ መሬቱ ሲራቆት ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወደ ውሃው ያወርደዋል፤ ደለሉም የግድቡን ሆድ ይሞላዋል። ደለል የሞላው ግድብ የሚይዘው ውሃ ያንሳል። በውሃው ዙሪያ ሰፋ ያለ የዛፍና የሣር መቀነት፣ በመቀነቱም ውስጥ ለእግርና ለብስክሌት የሚሆን አንድ ቀጭን መንገድ ቢቀር፣ የሚጠቀመው ሥራ ፈቱ ብቻ አይደለም። እንጨት ለቃሚዋም ታልፍበታለች፤ እረኛውም ከብቱን ይነዳበታል፤ በሌሊት «ውሃ መጣ!» የሚለው ጎረቤቴም ሳያውቀው ይጠጣበታል።

ለእኚያ እናት የሚሆን የተሟላ መልስ ዛሬም የለኝም። «ምን ጠፍቶህ?» ላሉት ግን አሁን ቢጠይቁኝ አንድ ነገር ጠፍቶኛል እላቸው ነበር። ከድልድያችን ሥር ያለው ወንዝ ጠፍቶኛል፤ እርሳቸው ደጃፍ ላይ ገና ንጹሕ ሳለ አገኘዋለሁ፤ ወደ ሰፈሬ ስመለስ ደግሞ ይጠፋብኛል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን እንዳልረሳ ብዬ እዞራለሁ።

ከዙር ስመለስ ብስክሌቴ ጭቃ ይለብሳል። በሰፈራችን ጎማና ፎርኬታ በቧንቧ ጎርፍ የሚያጥቡ አሉ። እኔ ጭቃውን በፀሐይ እስኪደርቅ እተወዋለሁ፤ ከዚያ በእንጨት ቁራጭ እፍቀዋለሁ፤ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ አብሳለሁ። የወደቀውንም አፈር ጠርጌ ከበሩ ሥር ላለችው ጽጌረዳ እሰጣታለሁ። የገፈርሳ አፈር ነው፤ ወደ ቦዩ እንዲወርድ አልፈልግም።